ምሳዬን የሚበላ ሰው ጠፋ

ሰው ምግብ አጥቶ ሲንከራተት አይታችሁ ይሆናል። ምግብ ይዞ፣ የሚበላለት አጥቶ፣ በመርሳ ጠራራ ፀሐይ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ አስፋልቱ ሲባዝን የዋለ ጎልማሳ አይታችሁ ከሆነ ግን እሱ እኔ ነኝ። ሰላም ሳትሉኝ ያለፋችሁ ካላችሁም አልቀየማችሁም። ሰፈርታስ አንጠልጥሎ በየሰዉ ፊት እየቆመ «ምሳ በልተሃል?» የሚል ሰው ባገኝ እኔም መንገድ እቀይራለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከስብከት ነው። በእኛ ሰፈር የነቢያት ጾም ሲገባ የተለመደው ክርክር ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚል ነው። መርሳ ላይ ዓሣውን ከየት አምጥተን እንደምንሟገትበት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ብቻ በየዓመቱ በሁለት ጎራ ተከፍለን እንከራከራለን፤ ሁለቱም ጎራ ማታ ሽሮውን በልቶ ይተኛል። ዘንድሮ ግን የንስሐ አባቴ ዓሣውን ከነውኃው ተዉትና ሌላ ነገር አነሡ።

«ልጆቼ» አሉ ከቅዳሴ በኋላ፣ «በጾማችሁበት ቀን ምሳችሁ የት ነው የሚገባው? መሶብ ውስጥ ውሎ ማታ ከራታችሁ ጋር የምትበሉት ከሆነ እኮ ምሳችሁን አዘገያችሁት እንጂ አልጾማችሁም። የጾመኛ ምሳ የጾመኛው አይደለም፤ የተራበ ወንድሙ ነው። ባለቤቱን ፈልጋችሁ አድርሱለት።»

ምእመኑ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» ብሎ ወደየቤቱ ተበተነ። እኔን ግን ነገር አንዴ ከያዘኝ አይለቀኝም። ሌላው ሰው ስብከት የሚሰማው ለነፍሱ ነው፤ እኔ እንደ እንቆቅልሽ ነው የምሰማው። የምሳዬ ባለቤት ማነው? መልኩስ ምን ይመስላል? እኔ ቢሮ ተቀምጬ ሆዴ ሲጮህ፣ እሱ የት ቦታ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ? ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ምሳ እየበላሁ ኖሬ ይሆን እንዴ? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳችኝ።

ሐሳቤን ለባለቤቴ ለእቴነሽ ነገርኳት። «አንተ ሰው፣ እንደ ሰዉ ዝም ብለህ ብትጾም ምን ይልሃል?» አለችኝ። እንዲያ ትበል እንጂ ሐሙስ ጠዋት ሽሮው ከወትሮው ወፍሮ፣ ጎመኑ ለብቻ፣ የሱፍ ፍትፍቱ ለብቻ ሆኖ በሰፈርታሱ ሦስት ሳህን ላይ ተደርድሮ ጠበቀኝ። የእሷ እጅ ሰው ፊት ሊቀርብ ነዋ! ለእኔ ሲሆን ቀጥኖ የሚፈሰው ሽሮ፣ ስሙን እንኳ ለማናውቀው ሰው እንዲህ ቀጥ ብሎ መቆሙ ትንሽ አሳዘነኝ። ጾም ነውና ቅናቴን ዋጥ አደረግኳት።

«ሰፈርታሱ ግን የእናቴ ነው» አለች ጣቷን ቀስራ። «ምሳው ቢቀር ይቅር፤ ሰፈርታሱ ይመለሳል።»

ስወጣ ጎረቤታችን ጋሽ ይመር በራቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ጋሽ ይመር ልብስ ሰፊ ነበሩ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ በመርሳ ሲያልፍ የስፌት መኪናቸውን ይዟት አለፈ። ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንድ ልጃቸውም አረብ አገር ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል። እሳቸው ግን ቀጥ ያሉ፣ ኮሌታቸው የማይጎድፍ፣ ከማንም ምንም የማይሹ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ይመር፣ ምሳ ይቅመሱ!» አልኳቸው ለወጉ ያህል።

«ይባርክህ ልጄ፤ ጾም ላይ ነኝ።»

«እኔም ጾም ላይ ነኝ። እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚጾሙት?»

«እኔ? እኔማ እስከ ማታ ነኝ» አሉና ወደ ፀሐይዋ ዞሩ።

እስከ ማታ! እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለመድረስ ግድግዳ ስደገፍ፣ እኚህ ሽማግሌ እስከ ማታ! ጾሙ ከገባ ወዲህ እንደከሱ አይቻለሁ። ልብስ ሰፊ መሆን ደጉ፣ ሌላው ሰው ሲከሳ ሱሪው ያሳጣዋል፤ እሳቸው በእጅ መርፌ ጠበብ ጠበብ እያደረጉት ሱሪያቸውም አብሯቸው ይከሳል። እቴነሽ «እኚህ ሰውዬ እንዲህ ከቀጠሉ ገናን አያዩዋትም» ስትል ሰንብታለች። እኔ ግን ሳያቸው የሚታየኝ ገድላቸው ነበር። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን በር ሄድኩ። የምሳዬ ባለቤት እዚያ ከሌለ የት ይኖራል? ከበሩ ጥግ አንዲት እማሆይ ከሌሎች ችግረኞች ጋር ተቀምጠዋል። ሰፈርታሱን ከፊታቸው አኑሬ፣ «እማሆይ፣ ምሳዎን አመጣሁልዎ» አልኳቸው።

«እግዜር ይስጥህ። ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት ሰዓት።»

«አንተስ በልተሃል?»

«ኧረ እኔስ እየጾምኩ ነው።»

እማሆይ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ታዲያ አንተ በስድስት ሰዓት የተውከውን እኔ እንድበላው ነው? ለአንተ የከለከለ ጌታ ለእኔ መቼ ፈቀደልኝ? ወይስ ድኻ አይጾምም ያለህ አለ?»

በዙሪያቸው ያሉት ሳቁ። አንዱ በምርኩዙ ወደ ፀሐይዋ እያሳየ፣ «በዘጠኝ ሰዓት ና!» አለኝ። በዘጠኝ ሰዓት ቢሮ ነኝ፣ እዚሁ ትቼላችሁ ልሂድ ብላቸው እማሆይ ተቆጡ። «እስከዚያ ሽሮው እየሸተተን ልንፈተን? አንሣው ልጄ፣ አንሣው!»

አነሣሁት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ድኾቹ ከእኔ ይልቅ ጠንክረው ይጾማሉ። በጾም ምጽዋት የምንሰጣቸውን ሰዎች፣ ጾማቸውን አስፈትተናቸው ነው እንዴ የምንጸድቀው? ይህን ጥያቄ ለንስሐ አባቴ ልይዝላቸው አስቤ ወደ ገበያው ወረድኩ።

ገበያው ዳር ሰይድ ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ጋደም ብሏል። ሰይድ ወዳጄ ነው፤ ቀን ሙሉ ሲሾፍር ውሎ ሁልጊዜ ራበኝ የሚል ሰው ነው። የጾም ምግብ ደግነቱ፣ እኛ ወሎዎች ስንጠራራ የሥጋው ነገር የሚያመጣው ጣጣ የለበትም። ሽሮ ሃይማኖት የለውም፤ ለክርስቲያኑም ለእስላሙም እኩል ይገባል።

«ሰይድ፣ ተነሥ! ምሳ ይዤልህ መጥቻለሁ» አልኩት።

«ወላሂ ምን ዓይነት ሰው ነህ?» አለኝ ሳይነሣ። «ዛሬ ኸሚስ አይደል እንዴ? የሱና ጾም ይዣለሁ። ከሱብሂ ሶላት በፊት እንደበላሁ ነኝ።»

«እናንተም ትጾማላችሁ፣ እኛም እንጾማለን። መርሳ ውስጥ ሐሙስ ቀን የሚበላ ሰው የለም ማለት ነው?»

«አለ እንጂ» አለ ሰይድ። «የሚበላው ሰውማ በልቷል።»

አሰብኩት፤ እውነቱን ነው። የሚበላው በልቷል፣ የጾመው አይበላም። ይሄ ሁሉ ሰው በሁለት ከተከፈለ የእኔ ምሳ ባለቤት ከየት ይመጣል? ሰይድ አዘነልኝና ቀና አለ። «አብሽር፣ መንገደኛ አይጾምም። አስፋልቱ ላይ ሞክር፤ ኢንሻአላህ ሰደቃህን የሚቀበል አታጣም» አለኝ።

አስፋልቱ ላይ ወልድያ የምትሄድ ሚኒባስ ፓፓያ ሻጮቹ ፊት ቆማለች። በመስኮቱ በኩል አንድ ቀጫጫ ወጣት፣ ደብተሩን ታቅፎ፣ ፓፓያውን በዓይኑ ይበላል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«ወንድም፣ ምሳ በልተሃል?»

«አልበላሁም» አለኝ።

አልበላሁም! ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ያጣኋት ቃል! ሰፈርታሱን በመስኮት አቀበልኩት፤ ልጁ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ክዳኑን ከፍቶ ገና ሽሮውን ከማየቱ ረዳቱ በሩን ደበደበ። «ሳበው!» ሚኒባሷ ሄደች። እጄን እያውለበለብኩ ሸኘኋት። የምሳዬን ባለቤት በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ፤ ቀጭን ነው፣ ጸጉሩ ጨብረር ያለ ነው፣ ትምህርቱም ሳይከብደው አይቀርም። ምሳዬ ለባለቤቱ ደረሰ።

የአማቴ ሰፈርታስም ወልድያ ሄደ።

ይህን ሳስታውስ ሚኒባሷ ከከተማው ልትወጣ ትንሽ ቀርቷታል። «ሰይድ!» ብዬ ስጮህ ገበያተኛው ሰው የሞተ መስሎት ተነሣ። ባጃጇ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ሰይድ የቻለውን ያህል ነዳ፤ የባጃጅ አቅም የታወቀ ነው፣ አንድ ግመል የጫነውን ይዞ በዳር በዳር እያዘገመ ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን አብሮን ሄደ። ሲሪንቃ ስንደርስ ሰይድ ፍሬን ያዘ። «ከዚህ ወዲያ ባጃጇ አትችልም፤ በመኪና ቀጥል» አለኝ።

በሌላ መኪና ተሳፍሬ ለአለቃዬ ደወልኩ። «ወልድያ አስቸኳይ ጉዳይ ገጥሞኛል፤ ከሰዓት ላልገባ ነው» አልኩት። «ምን ዓይነት ጉዳይ?» አለኝ። የምሳ ዕቃ ብል ማን ያምነኛል? «የቤተሰብ» አልኩ። ሰፈርታሱ የአማቴ ነውና ውሸት አልተናገርኩም።

ወልድያ መናኸሪያ ያቺው ሚኒባስ ቆማለች። ረዳቱ ገና ሲያየኝ «ይኸው! ይኸው ሰውዬው መጣ!» ብሎ ጮኸና ሰፈርታሱን በሁለት እጁ ይዞ አቀረበልኝ። ስቀበለው ክንዴ ወደ ታች ወረደ። ሲሄድ እንዲህ አይከብድም ነበር። ከፈትኩት። ላይኛው ሳህን ብርቱካን፣ መሐለኛው ቆሎ፣ ታችኛው ዳቦ ሆኗል፤ ማንጠልጠያው ላይ ደግሞ ሙዝ ታስሮበታል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ልጁ ብቻውን መብላት አፍሮ ለሁላችንም አዞረው» አለ ረዳቱ። «የማይጾመው ሰው ቀመሰ። ሽሮው እንዴት ያለ ነው! ከዚያ ልጁ፣ ‹ምሳውን የሰጠኝ ሰውዬ እኮ ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፤ ከራሱ አፍ ነጥቆ ነው የሰጠኝ› ሲል መኪናው በሙሉ አዘነ። አንዷ እናትማ አለቀሱልህ። ሁሉም ከያዘው አዋጣልህ፤ እኚያ እናት ‹ለዚያ ለተራበ ልጄ ስጡልኝ› ብለው ዳቦውን ለቤታቸው የያዙትን ነው የተዉልህ።»

«እኔ እኮ አልተራብኩም!» አልኩ ድምፄ ከፍ ብሎ። «ጾመኛ ነኝ!»

ረዳቱ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ አይዞህ» አለኝና መኪናው ሥር ገባ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ምሳ ልመጽውት ወጥቼ ተመጽውቼ ተመለስኩ። የወጣሁት በሦስት ሳህን ነው፤ የገባሁት በሦስት ሳህንና በሙዝ። እቴነሽ ሰፈርታሱን ተቀብላ ስትከፍተው በርጩማው ላይ ተቀምጣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ ብርቱካኑን በሳህን አድርጌ ወደ ጋሽ ይመር ሄድኩ። ፀሐይ ገብታለች፤ ጾማቸው አብቅቷል።

«አሁን በላሁ ልጄ፣ ጠገብኩ» አሉኝ በሩን ገርበብ አድርገው። «ለልጆች ስጥልኝ።»

ተመልሼ ይህንኑ ስነግራት እቴነሽ መሳቋን ተወች። «ምን በሉ? ዛሬ ከቤታቸው ጭስ አልወጣም። ትናንትም አልወጣም።»

«ባሕታውያን ጥሬ ነው የሚበሉት» አልኳት።

«አንተ ደግሞ ባሕታዊ የት ታውቅና ነው? እኔ ነገ እንጀራ ይዤላቸው እገባለሁ።»

«ተይ!» አልኳት በቁጣ። «ጾመኛን ከጾሙ ማሰናከል ኃጢአት ነው። እንኳን እኛ፣ ዲያብሎስም አልቻላቸው።» እንዲህ ያልኩት እኔ ነኝ። እሷም ነገሩ የነፍስ ነው ብላ ሰማችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰፈርታሱ በጎ ሥራውን ያለ እኔ ቀጠለ። እቴነሽ በዘጠኝ ሰዓት ቤተ ክርስቲያን በር ታደርሰዋለች፤ እማሆይም ያለ ነቀፋ ይቀበሏታል። ነገሩ ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። እኔ ግን ምጽዋትን ተሻግሬ ወደ ገድል ገባሁ። ጋሽ ይመርን ማጥናት ጀመርኩ። በመስኮት አያቸዋለሁ። ሲነሡ በርጩማውን ይደገፋሉ፤ ይህ ከስግደት ብዛት ነው አልኩ። ንግግራቸው አንሷል፤ ይህ አርምሞ ነው። ውኃ ደጋግመው ይጠጣሉ፤ ይህን ምን እንደምለው ለጊዜው አላወቅኩም። እንደ እሳቸው እስከ ማታ መጾም ጀመርኩ። ቢሮ ውስጥ አንዱን ደብዳቤ ከምሳ ሰዓት እስከ መውጫ አነበዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋኛል።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እቴነሽ ቁርስ ስታቀርብ በአጥር በኩል «ጋሽ ይመር፣ ኑ ቁርስ እንብላ» ብዬ ተጣራሁ። «ጾም ላይ ነኝ» አሉኝ። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደግሜ ጠራኋቸው። «ጾም ላይ ነኝ ልጄ።»

ቅዳሜና እሑድም! ይህስ ከእኔ መጽሐፍ በላይ ነው አልኩ። በቀጣዩ ቅዳሜ እኔም ቁርሴን ገፋሁት። እቴነሽ «በሰንበት?» ብላ አፈጠጠችብኝ። «ይህ የላይኛው ማዕርግ ነው፤ አይገባሽም» አልኳት። እኔም አልገባኝም ነበር፤ ግን ሲሉት ደስ ይላል።

ገና ሊደርስ የቀረው ጥቂት ነው። በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰንበቴ ዳቦ ተቆርሶ ሲታደል ዓይኔ ብዥ እያለብኝ ግንድ ተደግፌ ቆሜያለሁ። የንስሐ አባቴ በገዛ እጃቸው አንድ ቁራሽ አምጥተው ዘረጉልኝ። እጄን ወደ ኋላ ሰበሰብኩ።

«አባ፣ እየጾምኩ ነው» አልኩ አንገቴን በትሕትና ሰበር አድርጌ። ከትናንት ወዲያ ማታ ጀምሮ የተለማመድኳት አንገት ናት።

«በሰንበት?»

«አዎ አባ።»

«ማን ፈቀደልህ?» ድምፃቸው ሰዉን አዞረው። «ከቀዳም ሥዑር በቀር በሰንበት ከእህል መከልከል የት አይተሃል? ከጥሉላት ትከለከላለህ እንጂ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ትበላለህ። ይህን የማያውቅ ክርስቲያን አለ? ብላ!»

«ጋሽ ይመር ግን ቅዳሜንም እሑድንም...»

«ማን? ይመር ልብስ ሰፊው?» አባ ዳቦውን እንደያዙ ቆሙ። «ይመር እኮ በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ከአንድ የኔታ ሥር ነው የተማርነው። ሥርዓቱን ከእኔ ይልቅ ያውቃል። እሱ በሰንበት አይጾምም።»

«ይጾማሉ አባ፤ በዓይኔ...»

አልጨረስኩትም። ሁለታችንም ዳቦውን አየነው።

ወዳጆቼ፣ ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ልቤ ወድቆ አያውቅም። እኔን ጾመኛውን መኪና ሙሉ ሰው ተራበ ብሎ አለቀሰልኝ። የተራቡትን ሰው ደግሞ እኔ ጻድቅ ብዬ፣ የሚስቴን እጅ ይዤ፣ ደጄ ላይ አስራብኳቸው። ለአንዱ ምሳ ባለቤት ፍለጋ ወልድያ ድረስ ስሄድ ባለቤቱ አጥሬ ሥር ፀሐይ ይሞቃል። በጾም ወራት የጾመና ያጣ አንድ ዓይነት ነው የሚከሳው፤ የሚለየው ለካ እሑድ ብቻ ነው።

አባ ቁራሹን በግድ አፌ ውስጥ ከተቱና «ሂድ» አሉኝ። እየሮጥኩ ቤቴ ደረስኩ። እቴነሽ ነገሩን ሰምታ «ብዬህ ነበር» አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳችንን ከነትሪው አንሥታ እጄ ላይ አኖረችና «አንተ ቅደም፤ ውኃ ይዤ እመጣለሁ» አለች።

የጋሽ ይመር ቤት የተጠረገ ነው። ምድጃው ቀዝቅዟል። የስፌት መኪናዋ የቆመችበት ቦታ ላይ የእግሯ ምልክት ሲሚንቶው ላይ ቀርቷል፤ የልብስ መለኪያ ሜትራቸው ግድግዳው ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። እሳቸው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ሊነሡ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም።

መንገድ ላይ ያቀነባበርኩትን ውሸት ሁሉ አንድ ላይ ለቀቅኩት። «ጋሽ ይመር፣ እቴነሽ ምግብ በዝቶባት፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ቀርቶ፣ ሊበላሽ ሆነና፣ መቼም እህል አይጣልም...»

«አትዋሽ ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «ጾም ነው።»

ትሪውን መሬት አኖርኩት። «ዛሬ እሑድ ነው፣ ጋሽ ይመር» አልኩ።

«አውቃለሁ» አሉ ሳያዩኝ።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሡ። «ቁጭ በል። ብቻዬን ከበላሁት ምጽዋት ነው፤ አብረን ከበላነው ምሳ ነው። ምሳ ከሆነ እበላለሁ።»

ቁጭ አልኩ። ቆረሱ፤ ባረኩ፤ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ አጎረሱኝ። እንግዲህ እኔም የቅዳሜውን ራት እንኳ ትቼ ከአርብ ማታ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፤ ከአባ ቁራሽ በቀር። እሳቸው በጣታቸው ጫፍ እየቆነጠሩ፣ ቀስ እያሉ፣ እንደ ጨዋ ይበላሉ። የእኔ ግን በሁለት ጉንጭ ሆነ። ሽሮው ወፍራም ነበር።

«ቀስ በል እንጂ» አሉኝ። «ሰው ቢያይህ የተራበ ይመስለዋል።»

እሳቸው ፈገግ ሲሉ እኔ ሳቅ ስል ጎመኑ ትን አለኝ። ጀርባዬን መቱልኝ። መዳፋቸው ቅልል ብላለች፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ትንታው ነው ብዬ ጠረግኩት።

ጥቂት ከበሉ በኋላ እጃቸውን ከትሪው አነሡ። «አንድ ነገር ልንገርህ» አሉ። «ሁላችሁም ገና መቼ በደረሰ እያላችሁ ትጠብቃላችሁ። እኔ ፈራሁት። ጾም እስካለ ድረስ ‹ጾም ላይ ነኝ› እላለሁ፤ ሰውም ያከብረኛል፣ ማንም አያዝንልኝም። ገና መጥቶ ጾሙ ሲፈታ ምን ልላችሁ ነው? ሰው ሁሉ በልቶ ሲወጣ፣ የት ዋልክ ይመር ሲለኝ፣ ምን ልበል?»

የጨበጥኩትን ጉርሻ ትሪው ላይ መለስኩት።

መልሱ ከበሩ መጣ። እቴነሽ በጆግ ውኃ ይዛ ቆማለች፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም።

«‹ዶሮ የማርድበት ቤት አለኝ› ይበሏቸዋ» አለች። ድምፅዋ ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። «ይሄ ባሌ ዶሮ ይዞ አያውቅም፤ አምና ከእጁ አምልጣው ስናሳድዳት ጣራ ላይ አድረናል። በበዓል ቀን ቤታችን ቆሞ የሚባርክ ሽማግሌ የለንም። ለእርስዎ ስል አይደለም፣ ቸግሮኝ ነው። ጾም ነው፤ አልዋሸሁም።»

ጋሽ ይመር አቀርቅረው መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት፤ ጾሙ ከገባ ወዲህ እንዲህ ትክ ብለው ሰው ሲያዩ አላየሁም።

«ቢላዋችሁ ይቆርጣል?» አሉ።

«ኧረ አይቆርጥም» አለች እቴነሽ።

«እንግዲያው በዋዜማው መጥቼ እስለዋለሁ» አሉና እጃቸውን ወደ ትሪው መለሱ።